መልስ፦ ስልኬ ደካማውን ዋይፋይ የሙጥኝ የሚለው ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ካፌ ለቅቀህ ባጃጅ ከተሳፈርክ በኋላም ስልክህ የካፌውን ዋይፋይ አለቅም ይላል ብለሃል። ስልክ በዋይፋይና በሞባይል ኔትወርክ መካከል መቼ ይዛወር የሚለውን ለሚወስነው የመመረቂያ ፕሮጀክትህም ከሲግናል ጥንካሬ ሌላ ምን መረጃ ልጠቀም ብለህ ጠይቀሃል።

ሲግናል ብቻውን ይሸውዳል። መርካቶ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም። በስልኩና በራውተሩ መካከል ችግር የለም፤ የታነቀው ከራውተሩ ጀርባ ያለው መስመር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መዘግየትንና የሚጠፉ ፓኬቶችን (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ቁርጥራጮች) ለካ።

ቀጥሎ የሰውየው ፍጥነት ነው። ጅማ ውስጥ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በባጃጅ የሚሄድ ተማሪ በየደጁ ያለ ዋይፋይ ውስጥ መግባት የለበትም። ስልኩ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር) ተቀብሎ እስኪጨርስ ቦታውን አልፎታል። እሱን 4ጂ ላይ ተወው። ካፌ የተቀመጠው ግን ዋይፋይ ቢጠቀም ይሻለዋል።

የሚሠራበት አፕም ወሳኝ ነው። ለድምፅ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፋይል ማውረድ ግን ይታገሳል። ባትሪና የዳታ ዋጋንም ጨምርበት።

አደራ፣ ስልኩ በሁለቱ መሃል እንዳይዋልል! አዲሱ ኔትወርክ በጥቂቱ ስለበለጠ ብቻ አታዙረው። ልዩነቱ በቂ መሆኑንና ለጥቂት ሰከንድ መጽናቱን አይተህ ወስን።

በ2008 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን 802.21 የተባለ የአይትሪፕልኢ (IEEE፣ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) ስታንዳርድም አንብብ። በተለያዩ ኔትወርኮች መካከል መረጃና ትእዛዝ ያቀባብላል፤ መቼ ይዛወር የሚለውን ውሳኔ ግን ላንተ ይተወዋል። ፕሮጀክትህን እዚያች ክፍተት ላይ ሥራው። የለካኸውን ውጤት ስታገኝ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።