የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ ውቅያኖስ ሳይንስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ በውቅያኖስ ሳይንስና በባሕር ዳታ ትንተና የማስተማርና የመመራመር ሕይወት መመሥረትን ይመለከታል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በመረጃ ባለሙያነት እሠራለሁ። ስለ ውቅያኖስ የሚያጠኑ ሰዎች ከሳተላይትና ከተንሳፋፊ መሣሪያዎች የሚመጣ እጅግ ብዙ መረጃ እንደሚተነትኑ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ ወደዚያ አዘንብሏል። ነገር ግን ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ አገራችንም የባሕር በር የላትም። ከዚህ ተነሥቼ በዘርፉ እስከ ዩኒቨርሲቲ መምህርነትና ተመራማሪነት መድረስ እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያሰቡት ይቻላል፤ እንዲቻል ያደረገውም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የውቅያኖስ ሳይንስ ራሱ የተለወጠበት መንገድ ነው። ቀድሞ የባሕርን ሙቀት ለማወቅ መርከብ ላይ መሳፈር ግድ ነበር። ዛሬ አርጎ በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰው አልባ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በውቅያኖሶች ሁሉ ተሰማርተዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ከውኃው ጋር እየሄደ ይቆይና፣ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ወርዶ ወደ ላይ ሲወጣ የውኃውን ሙቀትና ጨዋማነት ይለካል፤ ከገጹ ሲደርስም ልኬቱን በሳተላይት ይልካል። መረጃው በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንም ሰው በነጻ ይለቀቃል። የባሕር ገጽ ከፍታም ቶፔክስ ፖሲዶን የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1992 ከመጠቀች ወዲህ፣ እርሷን በተከታተሉ ሳተላይቶች ሳይቋረጥ ሲለካ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ደብረ ብርሃን ላለ ሰውም ሆነ ወደብ ከተማ ላለ ሰው እኩል ክፍት ነው።

ባሕር አለማየትዎ ያሳሰበዎ ከሆነ፣ የማሪ ታርፕን ታሪክ ላስታውስዎ እወዳለሁ። ይህች አሜሪካዊት የሥነ ምድርና የሒሳብ ምሩቅ እ.ኤ.አ. በ1948 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ስትጀምር ሴቶች በምርምር መርከብ ላይ እንዲሳፈሩ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ባልደረቦቿ ከባሕር ያመጡትን የጥልቀት ልኬት በጠረጴዛዋ ላይ እያሰለፈች የአትላንቲክን ወለል ነደፈች፤ በ1952 ገደማም በውቅያኖሱ መካከል በሚያልፈው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ስምጥ ሸለቆ መኖሩን አየች። ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን በመጀመሪያ አልተቀበላትም፤ ኋላ ግን የምድር መንቀጥቀጥ የደረሰባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ በዚያው ሸለቆ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ያ የባሕር ውስጥ ሸለቆ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር መመሳሰሉና የስንጥቁ መስመር በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር በኩል ከአፋር ጋር መገናኘቱ ለግኝቱ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የሚያየው ገደል የዚያው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ በጀማ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ደግሞ በጁራሲክ ዘመን ይህን ምድር ሸፍኖ በነበረ ባሕር ውስጥ የተቀመጠ ነው። የሰሜን ሸዋ ሰው ለዚህ ሳይንስ ባዕድ ነው የሚለውን አስተያየት እኔ አልቀበለውም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። በዚህ ዘርፍ የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ነገር የራስዎ የሆነ ጥያቄ ነው፤ እርስዎ ባሉበት ቦታ ደግሞ ከበልግ ዝናብ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም። በመንዝ፣ በጣርማ በርና በአንኮበር ደጋ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ሲቀር የበልግ ገብስ እንደሚጠፋና ቤተሰብ እንደሚቸገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የዚያ ዝናብ እርጥበት ግን በአመዛኙ ከሕንድ ውቅያኖስና ከአጎራባች ባሕሮች የሚመጣ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ የሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ በሚበረታባቸው ዓመታት በልጉ የመድከም ዝንባሌ እንዳለው ጥናት አሳይቷል። ክረምቱም ቢሆን ከባሕር የተለየ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰላማዊ ውቅያኖስ በተከሰተው ኃይለኛ ኤልኒኖ ሳቢያ የክረምቱ ዝናብ ሲደክም በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸዋል።

ይህን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ በእጅዎ ባለው ኮምፒውተር ማጥናት ይችላሉ። ኖአ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ከመስከረም 1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን የባሕር ገጽ ሙቀት በየቀኑና በሩብ ዲግሪ ስፋት አዘጋጅቶ በነጻ ያቀርባል። ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃም ከ1981 ጀምሮ አለ፤ ሳተላይትንና በምድር ላይ ያሉ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችን አጣምሮ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ይሰጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲይዙ ከ1982 እስከ አሁን ያሉ ከአርባ የሚበልጡ በልጎች ያገኛሉ። መረጃዎቹ ኔትሲዲኤፍ በሚባል የፋይል ዓይነት የሚቀመጡ ሲሆን፣ ፓይዘን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ኤክስአሬይ የተባለው ነጻ መሣሪያ ያነባቸዋል። ኢንተርኔቱ እንዳያስቸግርዎ የዓለሙን ሁሉ ከማውረድ ይልቅ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስን ክፍል ብቻ በወርኃዊ አማካይ ቆርጠው ያውርዱ።

ስታቲስቲክስ ማጥናትዎ ትልቅ ጥቅም የሚሰጥዎ ከዚህ በኋላ ነው። አርባ በልግ ማለት አርባ ምልከታ ማለት ነው፤ ውቅያኖሱ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉት። በ1,000 ነጥቦች ላይ ያለውን ሙቀት ከበልጉ ዝናብ ጋር አንድ በአንድ አነጻጽረው በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ቢመዝኑ፣ ምንም እውነተኛ ግንኙነት ባይኖር እንኳ 50 የሚያህሉት በአጋጣሚ ብቻ የተገናኙ መስለው ይታያሉ። በዚያ ላይ የባሕሩ ሙቀት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ስለሆነ፣ ዝንባሌውን ሳያስወግዱ ቢያነጻጽሩ ባሕሩ ከማናቸውም እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ከሚሄድ ነገር ጋር የተዛመደ ይመስላል። አጎራባች ነጥቦች ደግሞ አንዱ የሌላውን ስለሚከተሉ እንደ ነጻ ምልከታ ሊቆጠሩ አይችሉም። ስለዚህ የሚመረምሩትን የባሕር ክፍል መረጃውን ከማየትዎ በፊት በፊዚክስ ምክንያት ይምረጡ፤ አሥር ያህል ዓመታትም ለይተው ያስቀምጡና ግንኙነቱን በቀሩት ዓመታት ካገኙ በኋላ ባልነኳቸው ዓመታት ላይ ይፈትኑት። ግንኙነቱ ከፈረሰ መፍረሱን ይጻፉ። ይህን በሐቀኝነት የሠራ ሰው ያዘጋጀው አሥር ገጽ ጽሑፍ፣ ለአንድ ፕሮፌሰር ከብዙ የምስክር ወረቀት ይልቅ ስለ አመልካቹ ይናገራል።

የሚጎድልዎ የፈሳሽ ፊዚክስ ነው። ለዚህ በእኔ ግምት ከሁሉ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ነው። ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም ሲሆን፣ በምድር ሥርዓት ፊዚክስ የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ ይሰጣል። የሒሳብ መሠረትዎን ማጠንከር ከፈለጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ ሩዋንዳን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለመዝለቅ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቱዋል በተባለች ቦታ የሚገኘው የሳዑዲው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚቀበላቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርት፣ የመኖሪያና የኑሮ ወጪ ይሸፍናል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲም ራሱን የቻለ የውቅያኖስ ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው። በኖርዌይ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ለማስተርስ ይከፍላል፤ የፒኤችዲ ቦታ ግን ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። በአሜሪካ በብዙ የዘርፉ ክፍሎች ያለ ማስተርስም ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል፤ ወጪውም አብዛኛውን ጊዜ በምርምር ረዳትነት ይሸፈናል። ሥራዎን ሳይለቁ መማር ከፈለጉ፣ በዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን ሥር ያለው ኦሽንቲቸር አካዳሚ በኢንተርኔት ነጻ ኮርሶች አሉት።

አንድ ከባድ እውነት ግን ልሰውርዎ አልፈልግም። በመላው ዓለም በዘርፉ ፒኤችዲ የሚይዙ ሰዎች ከቋሚ የመምህርነት ቦታዎች ይበዛሉ፤ በመካከሉም የሁለትና የሦስት ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ውል ይዞ ከአገር ወደ አገር መዘዋወር የተለመደ ነው። ይህ ትዳርንና ወላጅን መጦርን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ ከወዲሁ ከቤተሰብዎ ጋር ይነጋገሩበት። በባሕር መረጃ ላይ ያገኙት ችሎታ ግን በአየር ጠባይ ትንበያ፣ በውኃ ሀብት ጥናትና በሰብል መድን ሥራም ያገለግላል፤ በናይሮቢ አቅራቢያ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል ለአካባቢያችን የየወቅቱን ትንበያ ሲያዘጋጅ የሚመለከተው የባሕሩን ሙቀት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ትምህርቷንም አጥብቃ የያዘች ናት። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ባሕር አጠናለሁ ትለኛለች። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ነገሩን አላውቀውም። አገር ውስጥ ምን ብታጠና ይሻላታል? ባሕር ዳር መርከበኛ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አለ የሚባለው ለእርሷ ይሆናት ይሆን? (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)

መልስ፦ ልጅዎን ከመከልከል ይልቅ መጠየቅን መምረጥዎ መልካም አድርገዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም አካዳሚ በንግድ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ያዘጋጃል፤ የተከበረ ሙያ ቢሆንም ልጅዎ ከምትለው ምርምር የተለየ ነው። ለምርምሩ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ብታጠና በሩን ሁሉ ክፍት ያደርግላታል። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሜትዎሮሎጂ ትምህርትም ቅርብ ነው፤ የአየርና የውኃ እንቅስቃሴ የሚገዛው በተመሳሳይ የፊዚክስ ሕግ ነውና። የሚስባት የባሕር ፍጥረት ከሆነ ግን ሥነ ሕይወት አጥንታ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሐይቆቻችን ላይ በሚደረገው የዓሣና የውኃ አካላት ጥናት ልትቀጥል ትችላለች። የትኛው እንደሚስባት ይጠይቋት፤ መልሷ እስኪለይ ድረስ የሒሳብ ትምህርቷ እንዳይላላ ይከታተሉላት። እንግሊዝኛዋንም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ። ከሁለት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ዕድል ደርሶኛል። አንደኛው ስመ ጥር ነው፤ በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከምሳሌዎች እንዲማር በማድረግ) የጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ፎቶ መለየት ላይ ያተኩራል፤ አማካሪው ግን ብዙ ተማሪዎች አሉት። ሁለተኛው እምብዛም አይታወቅም፤ አማካሪዋ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ትሠራለች። የትኛውን ልያዝ? ዩኒቨርሲቲዬም የአገልግሎት ግዴታ ውል ያስፈርመኛል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ከእነዚህ ሁለት ዕድሎች እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው፤ ምክንያቴም ተመልሰው የሚያስተምሩ ሰው በመሆንዎ ነው። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የሶማሌ ጠረፍን ተከትሎ የሚሄደው የባሕር ፍሰት፣ ሞንሱን ከተባለው በየወቅቱ አቅጣጫውን ከሚለውጥ ነፋስ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ታላቅ የባሕር ፍሰት ብርቅ ነው፤ ከእኛ ዝናብ ጋርም ይገናኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ቢመለሱ፣ በዩኒቨርሲቲዎ ተማሪ ሊያማክሩበትና ከሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሊሠሩበት ይችላሉ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከኮምፒውተር ሳይንስ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ትልቁ ፈተናው መረጃው ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል አለመጠርጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የላይኛው ውቅያኖስ ከ2003 እስከ 2005 እንደቀዘቀዘ ገልጾ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ሲመረመር ቅዝቃዜው አንዳንድ የአርጎ መሣሪያዎች ጥልቀትን በተሳሳተ መንገድ በመመዝገባቸውና በሌላ ዓይነት መለኪያ መዛባት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ስህተቱን ያወጡት የመሣሪያውን አሠራርና የባሕሩን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህን ዓይነት ዓይን የሚያስተምር አማካሪ ያስፈልግዎታል፤ ብዙ ተማሪ ያለው ሰው ደግሞ ለዚህ ጊዜ ላይኖረው ይችላል።

ሆኖም ከመወሰንዎ በፊት ለሁለቱም አማካሪዎች የአሁንና የቀድሞ ተማሪዎች ይጻፉላቸው። ትምህርቱን በስንት ዓመት እንደጨረሱ፣ ዛሬ የት እንደሚሠሩና አማካሪው ረቂቅ ጽሑፍ አንብቦ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠይቋቸው። የገንዘብ ድጋፉ ለስንት ዓመት እንደተረጋገጠና ቢቋረጥ ማን እንደሚሸፍን ከዩኒቨርሲቲዎቹ በጽሑፍ ያግኙ። የአገልግሎት ግዴታ ውሉን በተመለከተም የአንድ ዓመት ትምህርት በስንት ዓመት አገልግሎት እንደሚካካስ፣ ትምህርቱ ከታቀደው ጊዜ ቢያልፍ የትምህርት ፈቃዱ እንዴት እንደሚራዘምና ዋስ የሚሆኑልዎ ሰው እስከ ምን ድረስ ተጠያቂ እንደሚሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈሩን የሕግ ባለሙያ ያሳዩ፤ ዋስዎም ይህን አንብበው እስኪረዱት ድረስ እንዳይፈርሙ ይንገሯቸው።