የትናንሽ ደሴቶች የዱር እንስሳት መታሰቢያ ሳንቲሞች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ትንሽ ደሴት የኒዩዌ የባሕር ኤሊ የብር ሳንቲም ላይ 2 ዶላር ተጽፎ ሳለ፣ ሻጮች ለምን ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ?

መልስ፦ ጽሑፉ ሳንቲሙ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑን ይገልጻል እንጂ የገበያ ዋጋውን አይናገርም። ይህ ሳንቲም 99.9 ከመቶ ንጹሕ የሆነ 31.1 ግራም ብር በመሆኑ ዋጋው በቅድሚያ የዕለቱን የብር ገበያ ይከተላል፤ የመቅረጫ ወጪና የሻጩ ትርፍ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። የዕለቱን ዋጋ ሳይመለከቱ ባይገዙ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሺሕ ሰው እንኳ የማይሞላባት ደሴት ሳንቲም ማምረት እንዴት ቻለች?

መልስ፦ አምራቿ እርሷ አይደለችም። ኒዩዌ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኒውዚላንድ ጋር ባላት ነጻ ትስስር ራሷን የምታስተዳድር ስትሆን፣ ለዕለት ግብይት የምትጠቀመው በኒውዚላንድ ዶላር ነው፤ የኤሊውን ሳንቲም በስሟ የሚያወጣው ኒውዚላንድ ሚንት የተባለ የግል ኩባንያ ነው። የሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር የቱቫሉ መታሰቢያ ሳንቲሞችም በብዛት የሚቀረጹት በአውስትራሊያው ፐርዝ ሚንት ነው። ይህ በሕግ የታወቀ አሠራር ስለሆነ ማጭበርበር ነው የሚለውን ወቀሳ አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ባለቀለም ሥዕል ያላቸው ሳንቲሞችስ መቼ ጀመሩ?

መልስ፦ ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር ፓላው ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣችው የባሕር ሕይወት ጥበቃ ተከታታይ ከቀደምቶቹ ነው።

ጥያቄ፦ ሳንቲሜ ላይ ወተት የመሰሉ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ልወልውለው?

መልስ፦ እባክዎን አይንኩት። እነዚህ ነጠብጣቦች በንጹሕ ብር ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ውልወላ ግን እነርሱን ሳያስለቅቅ በኤሊው ድንጋይ ልብስ ላይ ያሉትን ረቂቅ መስመሮች ይፍቃል፣ ለስላሳውንም ገጽ በቀጫጭን ጭረቶች ይሞላል፤ ሰብሳቢ ደግሞ ይህን በመብራት ሥር አዘንብሎ ሲያይ ወዲያው ይለየዋል። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙ። ፒቪሲ ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢትም አያስቀምጡት፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተውበታል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ለኤሊዎቹ ይደርሳል?

መልስ፦ አውጪው በግልጽ ካልጻፈ በስተቀር ይደርሳል ብለው አይቁጠሩ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ኤሊ ለውብ ድንጋይ ልብሱ ሲባል ለዘመናት ሲታደን ኖሮ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ስለሆነ፣ ይህን ጥያቄ ሻጩን በቀጥታ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ስም የወጣ ተመሳሳይ ሳንቲም አለ?

መልስ፦ አዎን። በ1970 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ተከታታይ ውስጥ የዋልያ ምስል ያለበት የወርቅ ሳንቲም ወጥቷል። የውጭ ሻጮች ዓመቱን አንዳንዴ 1977፣ አንዳንዴ 1978 ብለው ቢመዘግቡትም ልዩነቱ የመጣው ከዘመን አቆጣጠሩ ስለሆነ፣ ሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች መስለውዎት ሁለት ጊዜ እንዳይገዙ።