እህልን ያለ ኬሚካል ከነቀዝ መጠበቅ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ በየዓመቱ የማስቀምጠው በቆሎ ሦስት ወር ሳይሞላው ይነቅዝብኛል። ጎተራው ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ጋር ስለሚዋሰን የነቀዝ ክኒን መጠቀም ፈራሁ። የኒም ቅጠልና አመድ ቀላቅዬ ባስቀምጠውም ነቀዙ አልቆመም። ምን ያህል ብጨምር ይበጃል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። በብዙ ቦታ የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ በግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ የተኛን ሰው ሊገድል ስለሚችል ከመኝታ ክፍል አጠገብ ፈጽሞ ሊቀመጥ አይገባም።

ቅጠሉና አመዱ ያልሠሩት ግን መጠናቸው ስላነሰ ብቻ አይመስለንም። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን በአፏ ሰርስራ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን ሙጫ በሚመስል ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ትሉ) ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድግና በሞቃት ወቅት ከ30 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። በቆሎ ገና ማሳ ላይ ሳለ ሊነቅዝ ስለሚችል፣ ጎተራ ሲገባ ንጹሕ የሚመስለው እህል ጠላቱን በሆዱ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የተነሰነሰ አመድም እዚያ ድረስ አይደርስም።

ስለዚህ ሥራው ከማድረቅ ይጀምራል። የእህሉ እርጥበት ከመቶ 13 በታች ቢሆን ነቀዝም ሻጋታም ይዳከማሉ። ይህንን ያለ መሣሪያ ለመገመት፣ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጥቂት በቆሎና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ክዳኑን ገጥመው ለጥቂት ደቂቃ ይነቅንቁት። ጨው በዕቃው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ከደረቀ በኋላ በጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ አስጥተው በሚያሳይ ላስቲክ ቢሸፍኑት፣ በጠራራ ፀሐይ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ በፍሬው ውስጥ ያለው እጭም ይሞታል። ለዘር የሚፈልጉትን ግን እንዲህ አያሙቁት፤ የመብቀል ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

ቀጥሎ እህሉን አቀዝቅዘው አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም በርሜል ጢም አድርገው ይሙሉና አጥብቀው ይዝጉት። ነቀዙ ራሱ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ መብላት ያቆማል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ከተፈጥሯዊ መንገዶች ሁሉ አብልጠን የምንመክርዎ ይህንን ነው። በየጊዜው ከፍተው እየቀነሱ ከሆነ ግን አዲስ አየር ስለሚገባ ድካምዎ ከንቱ ይቀራል፤ የዕለት ፍጆታዎን በሌላ ዕቃ ይለዩ።

ኒም እንደ ረዳት ይቆጠር። በውስጡ ያለው አዛዲራክቲን ነፍሳትን ከመብላትና ከመራባት ያግዳቸዋል እንጂ ወዲያው አይገድላቸውም፤ ብርሃንም ስለሚያበላሸው ቅጠሉን በጥላ ያድርቁት። በደንብ የተነፋ ደረቅ አመድ የነቀዙን የሰም ልባስ ፍቆ ውኃውን ያስጨርሰዋል፤ ነገር ግን ፍሬውን ሁሉ እስኪለብስ ድረስ ብዙ ስለሚያስፈልግ የሚያዋጣው ለጥቂት እህልና ለዘር ነው። ለባቄላና ለቦሎቄ ዘር ደግሞ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ማሸት የነቀዙን እንቁላል ያፍናል።

ትምባሆን ከምግብ እህል ጋር እንዳይቀላቅሉ አደራ እንላለን፤ ኒኮቲን ከተክል ቢገኝም ብርቱ መርዝ ነው። አሮጌ ጆንያዎችንም አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት በፈላ ውኃ ቀቅለው ያድርቋቸው፤ የአምናው ነቀዝ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በስፌታቸው ውስጥ ነው።