የሪሞት መኪና ሻንሲ፦ ላሜራ፣ አሉሚኒየም ወይስ ናይለን?

ከደሴ የተላከ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ 1/10 የሚባለው ልክ (የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ) የሆነ ባለ ባትሪ የሪሞት መኪና አለኝ። ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የምነዳው ጦሳ ተራራ ሥር ድንጋይ ላይ ነው። የናይለን ሻንሲው (ሁሉም ነገር የሚታሰርበት የታችኛው ሰሌዳ) ከፊት፣ ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች ከሚታሰሩበት ቦታ ጀርባ ተሰነጠቀ። በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፤ አልያዘም። አሁን ከ3 ሚሊ የብረት ላሜራ አዲስ ላስቆርጥ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ካርቦን ፋይበር ካልሆነ አይሆንም ይላል። ምን ይመክሩኛል?»

አብሽር ወንድሜ፣ መኪናህ ይድናል። ላሜራውን ግን ተወው።

ሒሳቡን እንየው። 35 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሻንሲ ከ3 ሚሊ ብረት ብትቆርጥ ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። ያው ልክ በአሉሚኒየም 340 ግራም፣ በፋይበር ግላስ (በሙጫ የደረቀ የብርጭቆ ክር ሰሌዳ) 230፣ በካርቦን ፋይበር (በሙጫ የደረቀ የካርቦን ክር ሰሌዳ) 200 ግራም ገደማ ነው። የብረቱ ክብደት ብቻ አይደለም ችግሩ። ላሜራው አይሰበርም፤ ግን ምቱን አይቀበልም። መኪናው ዘሎ ሲወድቅ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ክንዱ፣ ሾክ አብዞርበሩና የመሪው ሰርቮ (የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ላይ ነው። ዛሬ ሻንሲ የገዛህ ሰው ነገ ሰርቮ ትገዛለህ። ዋጋውን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።

ድንጋይ ላይ ለሚሄድ መኪና ሻንሲው ተለምጦ መመለስ አለበት። ፋብሪካዎች ብርጭቆ ክር የተቀላቀለበት ናይለን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ያንተን ናይለን ቶሎ አትናቀው። ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ እይ። ጥቁር ከሆነ ጠመኔ ፈጭተህ እሸው፤ ከዚያ በጨርቅ ጥረገው። ዱቄቱ ስንጥቁ ውስጥ ይቀርና ነጭ መስመር ሆኖ ይታይሃል። ብዙ ጊዜ መስመሩ ከቡሎን ቀዳዳ ወይም ሹል ከሆነ የውስጥ ማዕዘን ይነሳል። ጭነቱ የሚከማቸው እዚያ ነው። ይህን ሳታስተካክል ከወርቅ ብትሠራውም እዚያው ይሰነጠቃል።

ሱፐር ግሉ ያልያዘልህም ናይለን ማጣበቂያ ስለማይወድ ነው። በቡሎን ነው የሚጠገነው። መጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ በ3 ሚሊ ፑንታ ብሳው። ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ስንጥቁ ወደፊት መሄዱን ያቆማል። ቀጥሎ ከሥር 2 ሚሊ አሉሚኒየም ለጥፈህ በ3 ሚሊ ቡሎን እሰረው። በላይ በኩል ሰፋ ያለ ሮንዴላ አድርግ። ቀዳዳው ከጠርዝ ቢያንስ 6 ሚሊ ይራቅ። የልጣፉን ማዕዘኖች በሞረድ አክብብ፣ ጫፉም ቀጥ ያለ አይሁን። አለበለዚያ አዲሱ ስንጥቅ ልጣፉ ካለቀበት ይጀምራል።

ናይለን ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። እርጥበት ሲያጣ ይደርቅና ተሰባሪ ይሆናል፤ ብርድም ያብስበታል። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አንተም ታውቀዋለህ። በዚያ ሰዓት ከቤት እንደወጣህ ዝላይ አትጀምር።

ሻንሲው ከጥገና ካለፈ ደግሞ ራስህ ሥራ፣ ደስ የሚል ሥራ ነው። እዚህ ላይ ስለ አሉሚኒየም በደንብ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለመኪናዎቹ በብዛት የሚጠሩት 6061 እና 7075 የሚባሉት የአሉሚኒየም ዓይነቶች ናቸው። ሰው 7075 ሲባል የማይለመጥ ይመስለዋል። አይደለም፤ በእኩል ውፍረት ሁለቱም እኩል ነው የሚለመጡት። ልዩነቱ ከተለመጡ በኋላ ነው። በሙቀት የጠነከረው 6061 በ275 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ገደማ ተጣሞ ይቀራል። 7075 ግን እስከ 500 ገደማ ታግሦ ወደ ቦታው ይመለሳል። አለመለመጥ ከፈለግህ መጨመር ያለብህ ውፍረት ነው። ከ2 ሚሊ ወደ 3 ስትሄድ ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል።

ገበያ ላይ ለድስትና ለበር የሚሸጠው አሉሚኒየም ግን አብዛኛው ለስላሳ ነው። ስትገዛ ቀጭን ቁራጭ እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ ሞርሳ ላይ ይዘህ በእጅህ ግፋው። ስትለቀው ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደተጣመመ ከቀረ ለስላሳ ነው። ለስላሳውን ግን አትጣለው። ጠንካራዎቹ ሹል አድርገህ ስታጥፋቸው ይሰነጠቃሉ፤ እሱ ግን ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። 2 ሚሊውን ወስደህ ግራና ቀኙን 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እጠፈው። እንደ ገንዳ ሲሆን ግትርነቱ ሌላ ነው። ሲጣመም ደግሞ በመዶሻ ይቃናል። እኔ ላንተ የምመርጠው ይሄን ነው።

ጓደኛህ ስለ ካርቦን ፋይበር የተናገረው ለውድድር ሜዳ ትክክል ነው። ለጦሳ ድንጋይ ግን አልመክርህም። ጠርዙ ሲመታ ንጣፉ ይላቀቃል። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የሪሞቱን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድም ይጋርዳል፤ ስለዚህ አንቴናው ከሱ በላይ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ከቆረጥከው አፍህን ሸፍነህ፣ በውሃ እያረጠብክ ቁረጥ። ፋይበር ግላስም ሲቆረጥ እንደዚሁ ነው፤ ግን ርካሽና ተለማጭ ስለሆነ ካገኘኸው 3 ሚሊው ጥሩ ሻንሲ ይወጣዋል።

የትኛውንም ብትሠራ፣ ከሥሩ የዘይት ጀሪካን ፕላስቲክ ቆርጠህ እሰርለት። ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ሲያልቅ ሌላ ትቆርጣለህ። እሱም ማጣበቂያ ስለማይቀበል በቡሎን ነው። የቡሎኖቹ ራስ እንዳይወጣ ቀዳዳውን ስታሰፋ ግን ከሻንሲው ውፍረት ሁለት ሦስተኛ አትለፍ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት ከቀጠነ ቡሎኑ ራሱ ይቀደዋል።

አሉሚኒየም ከሆነ ባትሪው ሥር የብስክሌት የውስጥ ጎማ አንጥፍ፤ ጠርዙ የሊፖ ባትሪን (ለስላሳ ሽፋን ያለው የሊቲየም ባትሪ) ከቀደደ እሳት ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቅና የልጣፉን ጫፍ በጠመኔ እይ።