ጣዖት ከጥጃ መጣ?

ጥያቄ፦ «ጣዖት» የሚለው ቃል የመጣው «ጣዕዋ» ከሚለው ግዕዝ ነው፤ የወርቁን ጥጃ ያመለክታል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? አጻጻፉስ ጣዖት ነው ወይስ ጣኦት?

መልስ፦ ታሪኩ ያምራል። ጣዕዋ በግዕዝ ጥጃ ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 32 ላይ ደግሞ አሮን ወርቁን አቅልጦ ጥጃ ይሠራል። ሁለቱን ለማጋባት ሽማግሌ እንኳ አያስፈልግም። ችግሩ ሙሽራው የሌላ አገር ሰው መሆኑ ነው።

ጣዖት ከአራማይክ የመጣ ቃል ነው። እዚያ «ጣዑታ» ይባላል፤ ትርጉሙም ስሕተት ነው። ግሡ «መንገድ ሳተ» ማለት ነው። አይሁድ መጽሐፋቸውን ወደ አራማይክ ሲተረጉሙ የአሕዛብን አማልክት በዚሁ ቃል ጠሯቸው። «አምላክ» ብሎ መጥራቱን ምላሳቸው እምቢ ብሎ ይመስለኛል። ቃሉ ወደ ግዕዝ ሲገባም ስድቡን ይዞ ነው የገባው። ብቻውን ግን አልመጣም። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ታቦትም ከዚያው ሰፈር ናቸው። «ሃይማኑታ» የሚለውን አራማይክ ካዩ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኦት» ከየት እንደመጣች ይገባዎታል። ታቦትና ጣዖት በአንድ በር መግባታቸው ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

በግዕዝ ሥሩን እንፈልግ ካልን ደግሞ ጉድ ነው። ጠ፣ ዐ፣ የ የሚሉት ፊደላት በግዕዝ «ጥዕየ»ን ይሰጡናል። ዳነ፣ ጤነኛ ሆነ ማለት ነው። «ጥዒና» ከዚህ ወጣ፤ እኛ አሳጥረን «ጤና» አልነው። በአራማይክ መሳት የሆነው ሥር በግዕዝ መዳን ሆኖ ቁጭ አለ!

አጻጻፉ ቀላል ነው፦ በዓይኑ ዐ፣ ጣዖት። አልፋው አ ቢገባበት ማንም አንብቦ ይረዳዋል፤ በአማርኛ ድምፁ አንድ ነውና። እኔ ግን ዓይኑን አልለቅም፤ የቃሉ ሥር ያለው እሷ ላይ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ካነሳን አይቀር፣ «ጣዖቴ» ብሎ የሚጸልይ ሰው አይተው ያውቃሉ? የለም። ጣዖት ሁልጊዜ የሌላው ሰው ነው። «ምስል» ቅርጹን ይናገራል፣ «ጣዖት» ይፈርዳል። ስለዚህ «ምእመናኑ በጣዖታቸው ፊት ሰገዱ» ብሎ ዜና የጻፈ ሰው ሳያውቀው ስብከት ጀምሯል። ዘገባ ከሆነ «በአምላካቸው ምስል ፊት» ይበል። «ገንዘብን ጣዖት አደረገ» ስንል ግን ቃሉ ቦታው ላይ ነው፤ መውቀስ ፈልገናላ። በትርጉም ጽሑፎች ላይ የማየው «ዘፋኙ የወጣቶች ጣዖት ነው» የሚለውስ? ጸሐፊው ሊያሞግሰው ነበር ያሰበው። «ወጣቶች የሚሞቱለት ዘፋኝ» ቢለው ምን ነበረበት?