ባን እና ምና አንድ ቃል ናቸው

ሰላም! በአይሪሽ (በአየርላንድ ቋንቋ) ሴት «ባን» ከሆነ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ ለምን «ምና» ይጻፋል ላልከው፣ ቃሉ አንድ ነው። ምና የባን ብዙ ቁጥር ነው፤ «ሴቶች» ማለት። ብዙ እንግዳ የመጀመሪያዋን ኤም (M) አይቶ እንደ እንግሊዝኛው «ሜን» የወንዶች ይመስለውና ዘው ይላል። የወንዶቹ «ፊር» ነው።

መነሻው በጣም ደስ ይላል። ግሪክኛ፣ እንግሊዝኛና አይሪሽ የሚጋሩት የጥንቱ ሥር የሚጀምረው እንደኛ «ጓ» ከንፈር በሚያሞጠሙጥ ግ ነበር። ግሪኮች ጋ «ጊኔ» ሆነ፤ ጋይኒኮሎጂ (የሴቶች ሕክምና) የምንለው ከዚያ ነው። እንግሊዝ ጋ «ኩዊን» (ንግሥት) ሆነ። አይሪሽ የወጣበትን ቋንቋ የሚናገሩት ኬልቶች ጋ ግን ወደ ብ ተለወጠ። በአንዳንድ ርባታዎች በብ እና በን መካከል አናባቢ አልነበረም። «ብና» ሲባል ብ ወደ አፍንጫ ሄደችና «ምና» ሆነች። በሰሜን አየርላንድ አካባቢ ደግሞ «ምራ» ሲሉ ትሰማለህ።

ሰዋስው ላይ ይህን ያዝ፦ «አን ቫን» ሴትዮዋ፣ «ና ምና» የሴትዮዋ ወይም ሴቶቹ። አንስታይ ስለሆነ ነው ብ ወደ ቭ የላላችው።

የአይሪሽ እህት በሆነው በስኮትላንድ ጌሊክ ባን ባብዛኛው ሚስት ነው። ለሴት «ቦረነኽ» ይላሉ፤ የሚገርመው፣ ይህ ቃል በሰዋስው ተባዕታይ ነው!