«ፊትሽ ሞላ» ያሰኘችው ትንሿ ኪኒን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ቡና መጋዘን ውስጥ በለቀማ እሠራለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ሥራ እንደገባሁ ያስነጥሰኛል፣ አፍንጫዬ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ዓይኔን ያሳክከኛል። እሑድ ቤት ስውል ይተወኛል። ጎረቤት ሁሉ «ሳይነስ ነው» ይለኛል። መድኃኒት ቤት ሁለት ዓይነት ኪኒን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። አንዷ ታስተኛኛለች፤ ሌላዋ ግን ወዲያው ፋታ ትሰጠኛለች። ሲያልቅብኝ እየገዛሁ በየቀኑ ስውጥ ሁለት ወር ሆነኝ። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜም ሲያስነጥሰው የምታስተኛዋን ከእኔ ይወስዳል። ችግር ይኖረው ይሆን? ደግሞ ሰሞኑን ያየኝ ሁሉ «ፊትሽ ሞላ፣ ተመችቶሻል» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው። እኛ ጋ ፊት ሞላ ሲባል ደስ ይላል። ስሟን የማያውቋትን ኪኒን ሁለት ወር ለዋጠ ሰው ግን የመድኃኒቱ ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ወዲያው ፋታ የምትሰጠዋ ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም «ዴክሳ» የምንላት፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ሳትሆን አትቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። የሰውነትን የመከላከል ኃይል ጸጥ ስለሚያደርጉ ማስነጠሱም አብሮ ጸጥ ይላል። ግን ፊት እንዲሞላ ያደርጋሉ፣ ደም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለባቸው ለዚህ ነው።

ይህን አንብበው ግን በራስዎ እንዳያቋርጧት። ሰውነታችን ይህን የመሰለ ሆርሞን ራሱ ይሠራል። ለሳምንታት ከውጭ ሲመጣለት ማምረቱን ይቀንሳል። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ሲብስም ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። የቀሩትን ኪኒኖች ከነወረቀታቸው ይዘው ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ግፊትና ስኳርዎ ይለካ። መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልዎታል። ከእንግዲህም ስሙ ያልተጻፈበት ኪኒን አይቀበሉ። የሚውጡትን ማወቅ መብትዎ ነው።

የምታስተኛዋ ክሎርፌኒራሚን ትመስለኛለች። የቆየች የአለርጂ መድኃኒት ናት፤ ትሠራለች። ነገር ግን ወደ አንጎል ስለምትገባ ታፈዛለች። ወንድምዎ ይህቺን ውጦ፣ ሰው ጭኖ የጅሬንን ዳገት ሲወርድ ይታየኝና እፈራለሁ። «አልተኛሁም እኮ» ይልዎት ይሆናል። ሰው ሳይተኛም እጁ ፍሬን ላይ ይዘገያል። ማታ የዋጣትም ጠዋት ላይ ልታፈዝዘው ትችላለች። አረቄ ወይም ጠላ ሲጨመርበት ይብሳል። ጫት ቅሞ ልንቃ ማለትም አያዋጣም፤ ጫቱ ልብ ያስመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ መፍዘዙን ግን ከሥሩ አያጠፋም።

ለእናንተ የተሻሉት ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ናቸው። ለአዋቂ 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። አንዱን ይምረጡ፤ ደራርበው አይውሰዱ። ሴትሪዚን አንዳንድ ሰው ታስተኛለች፤ ለሾፌር ሎራታዲን ትሻላለች። ማስነጠሱ እስኪጀምር ከመጠበቅ መጋዘን ከመግባትዎ በፊት ይውሰዱ። እርጉዝ ከሆኑ፣ ጡት ካጠቡ ወይም የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎ ሳይገዙ በፊት ይናገሩ። የአዋቂ ኪኒን ሰብሮ ለልጅ መስጠትም አይገባም።

አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎችም አሉ። ከ5 ቀን በላይ ግን አይጠቀሙባቸው። ሲለመዱ አፍንጫው መልሶ ይደፈናል፤ ከበፊቱም ይብሳል።

ሳይነስ ስለተባለው ነገር፦ አፍንጫ የነካውን ሕመም ሁሉ ሳይነስ ማለት ለምዶብናል። ሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ በፊት አጥንት ውስጥ ያለው ክፍተት፣ ሲመረዝ ፊት ይከብዳል፣ ያማል፤ ፈሳሹም ብዙ ጊዜ ወፍራም ቢጫ ነው። የእርስዎ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ያሳክካል፣ እሑድ ይተዋል። ይሄ የሥራ ቦታ አለርጂ ነው የሚመስለው። የጥሬ ቡናና የጆንያ አቧራ እንዲህ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጆንያ ሲራገፍ ፈንጠር ይበሉ። አፍንጫና አፍን ገጥሞ የሚይዝ ማስክ ያድርጉ፤ ሻርፕ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም። ወለሉ ከመጠረጉ በፊት ውኃ እንዲረጭበት ይጠይቁ። ማታ ሻሽዎን ውጭ አራግፈው ይግቡ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው አፍንጫዎን ይጠቡበት። እኔ ከብዙ ኪኒን ይልቅ በዚህች አምናለሁ።

ደረትዎ ሲር ሲር ካለ ወይም ሌሊት ሳል ካስነሳዎ አስም ሊሆን ስለሚችል በእነዚህ ኪኒኖች አያስታግሱት፤ ይመርመሩ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተዎ ወይም ገላዎ ሽፍ ብሎ ራስዎን ካዞረዎ ደግሞ ኪኒኗ እስክትሠራ አይጠብቁ። የሚያድንዎት የአድሬናሊን መርፌ ነው። ወንድምዎ ሌላ ተሳፋሪ ሳይጭን ቀጥ ብሎ ድንገተኛ ክፍል ያድርስዎት።